የአያ እንድሪስ ሜዳ

አያ እንድሪስ መሞታቸውን በስልክ የነገረኝ የቅሬያችን ዳኛ ነው። መርሳ መናኸሪያ ተራ ይዤ ቆሜያለሁ። አባዱላ ሚኒባሴ ግማሽ ያህል ሞልታለች፣ ረዳቴ "ወልድያ! ወልድያ!" እያለ ይጮኻል፣ እኔ መሪው ላይ ተደግፌ ማንጎ እየላጥኩ ነው።

"አስናቀ፣ አያ እንድሪስ ዛሬ ጠዋት አረፉ" አለኝ። "ቀብሩ ከዙሁር ሰላት በኋላ ነው። የቁፋሮው ተራ ደግሞ የናንተ ጎጥ ነው። ዶማህን ይዘህ ድረስ።"

ለማያውቅ ሰው ልንገረው፤ ቅሬ ማለት ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። በእኛ በሐብሩ ቅሬ እስላም ክርስቲያን አይልም። ሟቹ ማንም ይሁን ማን፣ ተራው የደረሰው ጎጥ ዶማና አካፋ ይዞ ይወጣል። የቀረ ይቀጣል፣ ደጋግሞ የቀረ ይባረራል። ዳኛው ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ትንሽ ፈራ ተባ ይል ነበር፤ የእኔንና የአያ እንድሪስን ነገር የማያውቅ ሰው በአካባቢው የለማ።

"ትደርሳለህ አይደል?" አለኝ።

"እየመጣሁ ነው" አልኩና ተሳፋሪዎቼን ከኋላዬ ላለው መኪና አስረከብኩ። ማንጎው እንደተላጠ እጄ ላይ ቀረ። ድንበሬን የገፉ ሰውዬ ዛሬ ደግሞ መሬት እንድለካላቸው እኔኑ አስጠሩኝ አልኩ በሆዴ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ። እኒህን ሰው እንደ አባቴ ነበር የምወዳቸው። የማልረሳቸውም ለዚሁ ነው። ባዕድ የበደለህን ቀን ሲገፋ ትረሳዋለህ፤ አባት ያልከው ሰው ሲበድልህ ግን የት ወስደህ ትጥለዋለህ?

ቤታችን ከመርሳ ወደ ውርጌሳ ሲወጡ፣ አስፋልቱ ወደ ግራ ከሚታጠፍበት ላይ ነው። የእሳቸውና የእኔ ማሳ ጎን ለጎን ሆነው ሁለቱም በአንድ ጫፋቸው አስፋልቱን ይነካሉ። መካከላችን የቅንጭብ አጥር ነበር፤ በአጥሩ መሐል ደግሞ አባቴና አያ እንድሪስ ተስማምተው የተከሉት የድንበር ድንጋይ። ድንጋዩ ጠፍጣፋ፣ ቀላ ያለ ነው። አባቴ አንዱን ጥግ በመዶሻ ሸርፎ "የተሸረፈው ወደኛ ይዙር" ብሎ እንደተከለው ከልጅነቴ ጀምሮ ሲነገር ሰምቻለሁ።

አያ እንድሪስ ረዥም፣ ቀጭን፣ ጺማቸው በሂና የቀላ ሰው ነበሩ። ሽርጣቸው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው። መኪና ነድተው አያውቁም፤ መኪና ውስጥ ሲቀመጡም ዓይናቸውን የሚጨፍኑ ሰው ነበሩ። ነገር ግን በዚህ መንገድ ያለፈ ባለ መኪና ሁሉ ያውቃቸዋል።

ነገሩ እንዲህ ተጀመረ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከወልድያ ስመለስ፣ ሰፈራችን ጫፍ ላይ ቤት የሚያክል መኪና ጥጉን ይዞ ቆሟል። መስኮት አለው፣ መጋረጃ አለው፣ ጣራው ላይ ውኃ መያዣ አለው። ባለቤቶቹ ያረጁ ነጭ ባልና ሚስት ናቸው። ወደ ላሊበላ ነው የሚሄዱት፤ ሲመሽባቸው መንዳት ፈርተዋል። እኔ በሾፌርነት የለቃቀምኳት እንግሊዝኛ አለችኝና "ሆቴል ፈልጋችሁ ነው?" አልኳቸው። አይደለም። አልጋ አላቸው፣ ምድጃ አላቸው፣ የፈለጉት መኪናቸው የምታድርበት ደልዳላ ቦታ ብቻ ነው። ይህን ለተሰበሰበው ሰው ስተረጉምለት ሁሉም ሳቀ።

አያ እንድሪስ ብቻ አልሳቁም።

"ምኑ ነው የሚያስቃችሁ?" አሉ። "ሰውየው አልጋውን አዝሎ መጥቷል። የጎደለው ሜዳ ነው። ሜዳ ደግሞ አላህ ሰጥቶናል። ና በለው!"

ከዚያም መኪናው ፊት ቆሙና፣ ሁለት መዳፋቸውን ወደ ደረታቸው እየሳቡ፣ ወደኋላ እየተራመዱ፣ በሬ እንደሚጠሩ "ና! ና! ና!" እያሉ ማሳቸው ውስጥ አስገቡት። ማሳው ውስጥ ካለው ሾላ ሥር ሲደርስ የመኪናውን ጎን በመዳፋቸው ጠብ ጠብ አድርገው "በቃ፣ እደር!" አሉት። ሰውየውን አልነበረም የሚያናግሩት፣ መኪናውን ነው። ከዚያ ወዲህ የመጣውን ሁሉ እንዲሁ ነው ያስገቡት፤ "በቃ፣ እደር" ሳይባል ሞተሩን ያጠፋ መኪና አላስታውስም።

እነዚያ ባልና ሚስት ለሌሎች ነገሩ መሰለኝ፣ መኪናው ይመጣ ጀመር። ሰፈሩ "ቀንድ አውጣ" የሚል ስም አወጣላቸው፣ ቤታቸውን በጀርባቸው ስለሚዞሩ። ከሱዳን በኩል ገብቶ ወደ ኬንያ የሚወርድ አለ፣ ከኬንያ የሚወጣ አለ። አያ እንድሪስ የሽንት ቤት ጉድጓድ አስቆፈሩ፣ ዙሪያውን በቆርቆሮ አጠሩት። በክረምት ጎማ እንዳይሰምጥ ከወንዝ ጠጠር አስመጥተው አለበሱት። ሾላው ቅርንጫፍ ላይ ለምልክት ነጭ ጀሪካን ሰቀሉ። የጀሪካኗ ወሬ እነሱ በስልክ የሚያዩት ካርታ ላይ እንደገባ አንድ መንገደኛ አሳይቶኛል፤ ለአያ እንድሪስ ብነግራቸው "እኛ ስም ሳይኖረን ጀሪካናችን ዓለምን ዞረች" ብለው ሳቁ።

ክፍያ አይቀበሉም። "ማደሪያ አይሸጥም" ይላሉ። ሕጋቸውም የታወቀ ነው። እንግዳ ውኃ ሳይጠጣ ከየት መጣህ አይባልም። ጀንበር ጠልቃ መግሪብ ከተሰገደ በኋላ ሜዳው የእንግዳው ነው፤ ባለቤቱ እሳቸው እንኳ አጥሩ ጋ ቆመው እህህ ብለው ሳያስሉ አይገቡም። "ዩ! ዩ!" እያሉ መስኮት ለመስኮት የሚንጠላጠሉትን ልጆች በከዘራቸው ያባርሩና "ወንድማችሁ ሰው አገር ሲሄድ እንዲህ ከበው ቢያፈጡበት ደስ ይላችኋል?" ይሏቸዋል።

የማስታወስ ችሎታቸው ደግሞ ጉድ ነው። ፊደል አይቆጥሩም፣ ግን ያደረ እንግዳ ሁሉ አንጎላቸው ውስጥ ነው። ፒተር የሚባለውን "ቢተው" ይሉት ነበር። የቢተው ሚስት ጉልበቷን የሚያማት መሆኑን፣ የቢጫው መኪና ሰውዬ ሽንኩርት እንደማይበላ፣ ጥቁሯ ውሻ ሉና እንደምትባልና ዶሮ እንደምትፈራ፣ ሁሉንም ያውቁታል። ደቡብ ደርሶ የሚመለስ መንገደኛ ሲመጣ ገና ከመኪናው ሳይወርድ "ጉልበቷስ እንዴት ሆነች በልልኝ" ይሉኛል። እኔ እተረጉማለሁ፣ ፈረንጆቹ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል፣ እኔ እኮራለሁ።

አንድ ቀን ለምን እንዲህ እንደሚደክሙ ጠየቅኳቸው። የሙስበሃቸውን ዶቃ ቆጥረው ጨረሱና "ሙሄ" አሉ። ሙሄ ታላቅ ልጃቸው ነው፤ በባሕር በኩል ሳዑዲ ልግባ ብሎ ሄዶ ወሬው የጠፋ። "አስናቀየ፣ ሙሄ በየትኛው ሜዳ አድሮ ይሆን እላለሁ። ያሳደረው ሰው ካለ፣ ወረታውን እዚህ ልመልስ ብዬ ነው። ሌላ ምን አቅም አለኝ?" አሉኝ። ያን ቀን ለእኒህ ሰው የማላደርገው ነገር የለም ብዬ ከልቤ ወሰንኩ።

የአያ እንድሪስ ማሳ ጠባብ ነው። መኪኖቹ ይገባሉ እንጂ መዞሪያ የላቸውም፤ ጠዋት ሲወጡ ወደኋላ እየሄዱ ነው አስፋልቱ ላይ የሚወጡት። መታጠፊያው ደግሞ የጭነት መኪና እንደ ጉድ የሚወረወርበት ነው። አንድ ጠዋት ቀንድ አውጣው ወደኋላ ሲወጣ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ለትንሽ ሳተው። የፍሬኑ ጩኸት ሰፈሩን አስወጣው። አያ እንድሪስ መንገድ ዳር ተቀምጠው ቀንድ አውጣው ከዓይን እስኪሰወር አዩት።

በማግስቱ ደጄ ላይ መጥተው አሳሉ።

"አስናቀየ፣ ልለምንህ መጥቼ ነው።"

"ምነው አያ፣ አንቱ ያዛሉ እንጂ ይለምናሉ?"

"ቅንጭቡን እንንቀለው። በኔ በኩል ይግቡ፣ ባንተ በኩል ይውጡ። የሰው ልጅ እደጄ ላይ ይሙትብኝ?"

ባለቤቴ ውባለም ከውስጥ ሰማች። እሷ ነገር አትወድም፣ ዝም ማለትም አትወድም። ብቅ አለችና "ድንበር ይነቀላል እንዴ፣ አያ እንድሪስ?" አለች። "የአባቱን ድንጋይስ የት ሊያደርጉት ነው?"

"አብሽሪ፣ ውባለም። ድንጋዩን ከቦታው አናነሣውም። እዚያው ጠለቅ አድርገን እናስተኛዋለን፣ ጎማ እንዳይነካው። የፈለግነው ቀን ቆፍረን እናወጣዋለን።"

"ለዚህስ ምስክሩ ማነው?"

አያ እንድሪስ ከልባቸው ሳቁ። "እኔ አለሁ አይደል? እኔ ብረሳ መሬቷ ታስታውሰኝ የለ እንዴ!"

እኔም ሳቅኩ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ምክር የምጠይቃቸው፣ ልጄ ሲታመም ዱአ የሚያደርጉልኝ ሰው ናቸው። ለእሳቸው ምስክር መጥራት ነውር መሰለኝ። በማግስቱ ጠዋት ሁለታችን ብቻ ሆነን ቅንጭቡን ነቀልን፣ ድንጋዩ በቆመበት፣ ከሾላው ትይዩ፣ ጉድጓድ ቆፍረን አስተኛነው። እሳቸው ፋቲሃ ደገሙበት፣ እኔ አማተብኩ። "ድንጋይ የቀበረ ቅሬ ከኛ በቀር የለም" አልኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። ድንበር የሚያህል ነገር በሁለት ሰው አፍ ላይ አንጠልጥሎ የሚስቅ ጅል፣ እኛ አገር እንጂ ሌላ የት ይገኛል?

ከዚያ በኋላ የነበረው ጊዜ ደግ ጊዜ ነው፣ አልዋሽም። ቀንድ አውጣዎቹ በአንድ በኩል ገብተው በሌላው ይወጣሉ። እኔም ማታ ማታ አባዱላዬን በእነሱ መሐል አቆማታለሁ። አያ እንድሪስ "ጥጃችን ገባች" ይላሉና የሷንም ጎን ጠብ ጠብ አድርገው "በቃ፣ እደሪ" ይሏታል። ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ስለምውል ሜዳው ላይ የሚታዩት እሳቸው ናቸው፤ ሰዉ ሁሉ "የአያ እንድሪስ ሜዳ" ይለው ጀመር። እኔ ራሴ እንዲያ ነበር የምለው። ውባለም ግን አንድም ቀን ብላው አታውቅም።

ጀማል፣ ሁለተኛው ልጃቸው፣ ከሳዑዲ ተባርሮ መጣ። መጥፎ ልጅ አይደለም፤ ሥራ የሚወድ ነው፣ ግን የቸኮለ ነው። ሜዳውን አየና "አባባ፣ ይህ በነጻ የሚሰጥ ነገር ነው እንዴ? እዚህ ላይ ሎጅ ይሠራል" አለ። የአባቱ ማሳ ለዚያ አይበቃም። ካልሆነ በባሕሩ ተመልሼ እሄዳለሁ ብሎ በገበያ መሐል ሲናገር መርሳ ሁሉ ሰምቷል። አያ እንድሪስ ያን ሰሞን ሌላ ሰው ሆኑ። ጀማል ወደ መርሳ በወጣ ቁጥር እስኪመለስ አስፋልቱ ዳር ቆመው ይጠብቁታል። አንጀቴን በሉት። ለእኔ የተቆፈረ ጉድጓድ እንዳለ በምን ልጠርጥር?

የመሬት ለኪዎች ወደኛ ጎጥ የመጡት በዚያው ሰሞን ነው። ለያንዳንዱ ማሳ ወሰንተኞች ሁለቱም ባሉበት ድንበሩን ያሳያሉ፣ ኮሚቴው ይመሰክራል፣ ተለክቶ የይዞታ ደብተር ይወጣል። እኔ መኪናዬን አቁሜ ዶማዬን ይዤ ቀረብኩ። ልቤ ንጹሕ ነው፤ እንዲያውም ለአያ እንድሪስ ወንበር ያመጣሁላቸው እኔ ነኝ።

"ወሰኑ የት ጋ ነው?" አለ ለኪው።

"እዚህ ጋ። ድንጋይ ተቀብሯል፤ ይኸው ላወጣው ነው" አልኩና መቆፈር ጀመርኩ። ቆፈርኩ። ጠጠሩን አለፍኩ፣ አፈሩን አለፍኩ። ትንሽ ወደ ቀኝ አልኩ፣ ወደ ግራ አልኩ። ድንጋይ የለም። አፈሩ ግን ልል ነበር፣ በቅርብ እጅ የነካው አፈር። ቦታውን ከሁለታችን በቀር ማንም አያውቀውም። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እሳቸው ሙስበሃቸውን ያያሉ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ "አያ እንድሪስ፣ እዚህ ላይ ድንጋይ ነበር እንዴ?" አላቸው።

"አላስታውስም" አሉ።

የዶሮ ፈሪዋን ውሻ ስም የማይረሱት ሰውዬ! ሰብሳቢው ወደ ሰዉ ዞረ፤ "ሜዳውን ማን ሲጠቀምበት ነው የምታዩት?" ሰዉ ምን ይበል፣ ያየውን ነው የተናገረው፦ መኪና የሚያስገቡት አያ እንድሪስ፣ ጠጠር ያለበሱት አያ እንድሪስ፣ ስሙም የአያ እንድሪስ ሜዳ። ቅንጭቡ በየት በኩል ያልፍ እንደነበር ደፍሮ የሚምል አልተገኘም። ከሾላው ትይዩ እስከ ማሳዬ የውኃ ቦይ ያለው የአባቴ መሬት፣ አስፋልቱን የሚነካው ጫፌ ሳይቀር፣ በእሳቸው ደብተር ገባ። በዳይ ሆኜ የታየሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ አንዱ ጎረቤቴ "የሽማግሌ መሬት አትመኝ" ብሎ መከረኝ።

ቤት ስገባ ውባለም "ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ" አለችና ሌላ ቃል አልጨመረችም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ መንገድ ላይ ጠበቅኳቸው። "አያ፣ እውነት አላስታወሱም?" አልኳቸው። አንቱታዬን አልቀነስኩባቸውም። ዓይኔን ሳያዩ "እርጅና ነው፣ አስናቀ" አሉኝ። አስናቀየ አላሉኝም።

እርጅና ነው ብዬ ለመቀበል እየሞከርኩ ሳለ በዚያው ሳምንት ያ ባለ ውሻው መንገደኛ ከደቡብ ተመልሶ መጣ። ሌላ አስተርጓሚ የለምና እኔው ተጠራሁ። ሄድኩ፤ እንግዳው ምን አጠፋ? አያ እንድሪስ መኪናውን አስገቡ፣ ጎኑን ጠብ ጠብ አደረጉ፣ ወዲያው ደግሞ "ሉና የት አለች? አሁንም ዶሮ ትፈራለች ወይ በልልኝ" አሉኝ።  ተረጎምኩላቸው። ሰውየው "እንዴት አስታወሱ!" ብሎ አቀፋቸው። ያንንም ተረጎምኩ። ከትከሻው በላይ ዓይን ለዓይን ተያየን፣ እሳቸው ናቸው መጀመሪያ ያቀረቀሩት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ደጃቸውን አልረገጥኩም።

ጀማል በአዲሱ ወሰን ላይ የብሎኬት ግንብ አቆመ። እኔ ወደ አስፋልቱ መውጫ አጣሁ፤ አባዱላዬን መርሳ እያሳደርኩ በባጃጅ ወደ ቤቴ መግባት ጀመርኩ። የዓለምን መኪና ያሳደሩ ሰው የእኔን መኪና ማደሪያ አሳጧት። ብዙ ሳይቆይ ጦርነቱ፣ ያ ክፉ ጊዜ፣ መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ቀንድ አውጣዎቹ ቀሩ። ሎጁ መሠረቱ ወጥቶ ብረቱ ሰማይ እያየ ቆመ። ለልጁም አልሆነለት፣ ለእኔም አልሆነልኝ። አሁን አሁን መንገዱ ሰላም ሲሆን አንዳንዴ አንድ ቀንድ አውጣ ብቅ ይላል። ሾላው ጋ ሲደርስ ዝግ ይላል፣ ጀሪካኗን ያያል፣ ግንቡን ያያል፣ ወደ ሲሪንቃ ያልፋል።

እንግዲህ የሞቱ ዕለት ዶማዬን ትከሻዬ ላይ አድርጌ መጀመሪያ ለቅሶ ልድረስ ብዬ ግቢያቸው ገባሁ። ውስጥ ሬሳው እየታጠበ ነው፣ ወንዱ ደጅ ቆሟል። ጥላ ፍለጋ ወደ ጓዳው ግድግዳ ጠጋ አልኩ፤ እሳቸው ለሰላት ውዱእ የሚያደርጉበት ቦታ ነው። የመታጠቢያ ውኃ ጀሪካናቸው እዚያው አለ። ከጀሪካኑ ሥር፣ እግር መታጠቢያ የሆነ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። ቀላ ያለ። አንዱ ጥግ የተሸረፈ።

ቁጭ አልኩና በመዳፌ ነካሁት። ውኃና ተረከዝ አልሶታል። ወንዝ ቅርብ ነው፣ ሊጥሉት ይችሉ ነበር። ሊሰብሩት ይችሉ ነበር። አምጥተው ለሰላት የሚታጠቡበት አደረጉት። በየቀኑ አምስት ጊዜ እላዩ ላይ ቆመው ታጥበው፣ ከዚያ አላህ ፊት ቆመዋል። ቅጣት ይሁን ድፍረት አላውቅም። ዘመዶቹ መጥተው "አይዞህ" አሉኝ፣ ያለቀስኩት ለእሳቸው መስሏቸው። ለእሳቸውም ነበር።

መቃብሩን ቆፈርኩ። ከጎጡ ሰው ሁሉ አብልጬ ቆፈርኩ፤ ንዴት ጉልበት ይሰጣል። ሰፊ አድርጌ ነው የቆፈርኩላቸው፣ በመሬት አልጣላቸውም ብዬ።

ጀናዛው በቃሬዛ መጣ። ሊሰገድበት ሲል ሼሁ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "እንድሪስን ታውቁታላችሁ። በሱ ላይ ሐቅ ያለው ሰው ካለ አሁን ይናገር፣ ልጁ ይተካለታል። ከሌለ አውፍ በሉት፣ ይቅር በሉት" አሉ።

"አውፍ ብለናል!" አለ ሕዝቡ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም። የእኔ አፍ አልተከፈተም። ዶማዬን ተደግፌ ቆምኩ። አንዳንዱ ሰው አየኝና ፊቱን መለሰ። ሼሁ ትንሽ ጠበቁ፣ ከዚያ ወደ ስግደቱ ገቡ።

ከቀብር ስንመለስ ቆፋሪዎቹ እጅ የምንታጠበው እዚያው ግቢያቸው፣ ጀሪካኑ ጋ ሆነ። ጫማውን አውልቆ በጆግ ውኃ የሚያፈስልን ጀማል ነው። ሌሎቹ ታጥበው ሄዱ፣ እኔ የመጨረሻ ሆንኩ። ሰው አለመኖሩን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አያ አስናቀ፣ ሁሉም አውፍ ሲል አንተ ዝም ብለሃል።"

"ብያለሁ።"

"ያኔ ድንጋይ ይኑር አይኑር እኔ አላውቅም። አባባ አላስታውስም አለ፣ አባቴን አመንኩ። አሁን ግን ንገረኝ፤ ምን ዓይነት ድንጋይ ነበር? መልኩን ንገረኝ ብቻ፣ ቦዩንም ወንዙንም ገልብጬ እፈልገዋለሁ። ወላሂ ካገኘሁት ግንቡን በገዛ እጄ አፈርሰዋለሁ። አባባ በሰው ሐቅ ተይዞ አይደር።"

ይህን ሲለኝ በባዶ እግሩ ድንጋዩ ላይ ቆሟል።

"ከእግርህ ሥር ነው" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። መሬቴ ይመለሳል፣ ጥጃዋ ማታ ቤቷ ትገባለች፣ ውባለም ቀና ብላ ታየኛለች። ጀማልን አየሁት። ዓይኑ ደም መስሏል። አባቱን ገና አሁን አፈር አልብሶ መምጣቱ ነው። ይህን ከነገርኩት ሁለተኛ ቀብር ነው፣ ቆፋሪውም እኔው።

"አላስታውስም" አልኩ።

አነጋገሬ ሳይቀር የእሳቸው ነው። ጀማል "እሺ" አለና የቀረውን ውኃ አፈሰሰልኝ። ውኃው ከእጄ ላይ ወርዶ፣ በተሸረፈው ጥግ በኩል አድርጎ፣ ወደ ግቢው ፈሰሰ።

ለውባለም ስነግራት "ደግ አደረግህ" አላለችኝም፣ "ጅል" አላለችኝም፤ መኪናዋ ዛሬ የት ታድራለች ብላ ነው የጠየቀችኝ። መርሳ አልኳት። ሰው ይህን ሰምቶ ደግ ነህ ይለኝ ይሆናል። ደግነት አይደለም፣ ይቅርታም አይደለም፤ እስከ ዛሬ አውፍ አላልኳቸውም። ጀማል ዛሬም በየሰላቱ እዚያች ድንጋይ ላይ እግሩን ይታጠባል፤ ምን እንደሆነች የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ፣ የእሳቸውን ውሸት ተሸክሜ የምዞረውም እኔ ነኝ። እንግዳ ያደረበት ሜዳ ሳያስሉ የማይገቡት ሰውዬ፣ እኔን ግን ሞተውም ድንበሬን ገፉኝ።